ጓደኛሽ ግቢ ውስጥ ጥቃት ቢደርስባት፦ ምስጢሯን ሳታወጪ ከጎኗ የምትቆሚበት መንገድ

ግቢ ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ተማሪ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትናገረው ለዶርም ጓደኛዋ ነው። ሌሎቹ ተኝተው፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከላይኛው አልጋ ወደ ታችኛው በሹክሹክታ። "ለማንም እንዳትነግሪ" ብላ ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ አንቺ የምታደርጊው ነገር በሕክምናዋም፣ በክሷም፣ በትምህርቷም ላይ ይንጸባረቃል።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚሁ ጉዳይ ብለው የሚቀጥሩት ባለሙያ አላቸው። ተማሪዋ የነገረችውን ለአስተዳደሩ ሳያሳልፍ ሆስፒታል አብሯት ይሄዳል፣ ፖሊስ ጣቢያ አብሯት ይቀመጣል፣ እሷ ካልፈለገች ክስ አያስጀምርም። እኛ ጋ ሥርዓተ ፆታ ቢሮ አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ የተማሪዎች ዲን አለ። በየቢሮው አብሯት የሚዞር ሰው ግን በብዙዎቹ ግቢዎች አይገኝም። ስለዚህ ሥራው የሚወድቀው ጓደኛ ላይ ነው፤ ያለ ሥልጠና፣ ያለ ደሞዝ፣ ሚድ ፈተና እየደረሰባት። ይህን የጻፍኩት ለዚያች ጓደኛ ነው። "አንቺ" እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንባቢው ወንድ ከሆነም ሥራው አይለወጥም።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትይዢው አንድ ነገር አለ። ምስጢሩ የእሷ ነው። የማንኛውንም ቢሮ በር ከማንኳኳታችሁ በፊት ቆም ብላችሁ "ይህን ሰው ብንነግረው ከእሱ ቀጥሎ ማን ይሰማል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እሷ ካልወደደችው በሩ አይንኳኳም። አንቺ ትክክል ብትሆኚም እንኳ አይንኳኳም።

ስትነግርሽ

አዳምጪ። ጥያቄ አታብዢ። "ለምን ሄድሽ?"፣ "ጠጥታችሁ ነበር?"፣ "ለምን አልጮኽሽም?" የሚሉትን ምላስሽ ላይ ቢመጡም ዋጪያቸው። እነዚህን ጥያቄዎች እሷ ራሷን ስትጠይቅ ነው ያደረችው። "አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ አሁን ምን እንድናደርግ ትፈልጊያለሽ?" በቂ ነው። "አይዞሽ" ጥሩ ቃል ነው። "ቻይው" እና "እግዜር ይፍረድበት" ግን ሳናስበው "ዝም በይ" ማለት ይሆኑብናል።

ስትነግርሽ ላታለቅስ ትችላለች። ልትስቅም ትችላለች። የጊዜውን ቅደም ተከተል ልታዘባርቅ፣ መሃሉን ጨርሶ ልትረሳ ትችላለች። ድንጋጤ እንዲህ ያደርጋል እንጂ የውሸት ምልክት አይደለም።

"ለማንም አልናገርም" ብለሽ በጅምላ አትማዪላት። "ሳትፈቅጂ ለማንም አልናገርም፤ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ነው ብዬ ከፈራሁ ግን መጀመሪያ ላንቺ ነግሬሽ ነው ሰው የምጠራው" በያት። ይህን ቃል ልትጠብቂው ትችያለሽ። ፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) ሆና 18 ዓመት ካልሞላት ደግሞ ጉዳዩ በሕግ በሌላ መልኩ ይታያል፣ አዋቂዎችም ሊገቡበት ይችላሉ። ያንንም ከመጀመሪያው ንገሪያት።

ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቂ። አሁን ያለችበት ቦታ ደህና ነው ወይ? የተጎዳ ነገር አላት ወይ? በተለይ አንገቷ ታንቆ ከሆነ፣ ላዩ ላይ ምንም ባይታይም፣ ድምፅዋ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካቃታት ወይም ራሷን ካዞራት ነገ አትበሉ። መታነቅ ከሰዓታት በኋላም ሊገድል ይችላል።

ሰዓቱን ቁጠሪ

ክስ ሊዘገይ ይችላል። መድኃኒት ግን አይዘገይም። አስገድዶ መድፈር ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር 72 ሰዓት ነው። ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት፣ ጤና ጣቢያ "ፔፕ" የሚሉት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር የበለጠ ይሠራል። ለ28 ቀን በየቀኑ ይወሰዳል። ማቅለሽለሽ ሊኖረው ስለሚችል ብዙ ሰው በመሃል ይተወዋል፤ ሰዓቱን የምታስታውሺያት አንቺ ነሽ። ስልኳ ላይ አላርም ሙሉላትና ስሙን "ቫይታሚን" በሉት።

ሁለተኛው ቁጥር 120 ሰዓት፣ ማለትም አምስት ቀን ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከዚያ ድረስ ይሰጣል፤ እሱም በዘገየ ቁጥር ይደክማል። ፋርማሲ ገብተሽ "ፖስትፒል" ካልሽ ያለ ማዘዣ ይሸጡልሻል። እሷ መግባት ካፈረች አንቺ ግዢላት፤ ለማን እንደሆነ የመናገር ግዴታ የለብሽም። ይሁንና ፖስትፒል ወሰደች ማለት ሕክምናው አለቀ ማለት አይደለም። ከኤችአይቪም ከአባላዘር በሽታም አይከላከልም። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ይሄ ነው፤ ኪኒኗ ትዋጥና ሁሉም ሰው እፎይ ይላል፣ 72 ሰዓቱ ደግሞ ዝም ብሎ ያልፋል።

ሐኪም ጋ ስትደርሱ ለአባላዘር በሽታ የሚሰጡ መድኃኒቶችንና የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ጠይቁ። ቁስል ካለ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም አለ።

የግቢ ክሊኒክ መስኮት

የግቢ ክሊኒክ ቅርብ ነው፣ ለተማሪ ነፃ ነው፣ ሌሊትም ብዙ ጊዜ ሰው አለበት። ችግሩ መስኮቱ ጋ ነው። ካርድ የሚያወጣው ሰው በመስታወቱ ቀዳዳ "ምንሽን ነው የሚያምሽ?" ይላል፤ ከኋላ የዲፓርትመንቷ ልጆች ወረፋ ይዘዋል። ስለዚህ ከዶርም ሳትወጡ የምትሉትን ተለማመዱ። "ሴት ነርስ ወይም ሐኪም ለብቻ ማናገር እፈልጋለሁ።" በቃ። ሁለተኛ ቢጠይቅ ያንኑ ድገሚለት። "የሴት ጉዳይ ነው" ካልሽ ብዙውን ጊዜ ያሳልፋችኋል።

ውስጥ ስትገቡ ከምርመራው በፊት ጠይቁ። ካርዱ ላይ ምን ይጻፋል? ካርድ ክፍል ውስጥ ማን ያየዋል? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። የጤና ባለሙያ የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጋችንም ያስቀጣል። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ጽዳቷና ዘበኛው ግን በዚህ መንፈስ አልሠለጠኑም፤ ወሬ የሚወጣውም በነሱ በኩል ነው።

ክሊኒኩ ፔፕ ከሌለው ሪፈር አጽፉ። አዲስ አበባ ያላችሁ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት የተዘጋጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለው። ምኒልክ ሁለተኛም አለው። እዚያ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ እንዲገኙ ተደርጎ ነው የተቋቋመው፤ ታሪኩን አምስት ቢሮ እየዞሩ መድገም እንዲቀር። በክልል ከተሞችም አንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች ተመሳሳይ ክፍል አላቸው፤ በስልክ ጠይቃችሁ ብትሄዱ መንከራተት ይቀንሳል።

ሌሊት ከሆነ የግቢው በር ይዘጋል፣ ፕሮክተሯም (የዶርም ተቆጣጣሪዋ) ትጠይቃለች። "ታማለች፣ ሪፈር ተጽፎላታል" ብለሽ ወረቀቱን አሳዪ። ውሸት አልተናገርሽም፤ ዝርዝሩ ደግሞ የፕሮክተሯ ጉዳይ አይደለም።

ሆስፒታል ውስጥ አብረሻት ግቢ፣ እሷ ከፈለገች ብቻ። ሐኪሟ "አንቺ ውጪ" ካለችሽ ወደ ጓደኛሽ ዞረሽ "ልቆይ ወይስ ልውጣ?" በያት። በዚያ ቀን ሌላው ሁሉ ያለ ፈቃዷ ሆኖባታል፤ ቢያንስ ይቺን እሷ ትወስን። ለፍርድ ቤት የሚሆን የሕክምና ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስ በደብዳቤ ሲጠይቅ ነው የሚጻፈው። ሕክምናው ግን የፖሊስ ደብዳቤ አይጠብቅም። "መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ኑ" የሚላችሁ ካለ "መድኃኒቱን አሁን እንፈልጋለን፣ ሌላውን በኋላ እናስባለን" በሉ። የታየውን ጉዳት ሁሉ ካርዱ ላይ በዝርዝር እንዲጽፉት ጠይቁ፤ ነገ ልትከስ ብትፈልግ መነሻ ይሆናታል።

ልብስና ስልክ

ለመክሰስ ባትወስንም ማስረጃውን አስቀምጡት። ማስቀመጥ መክሰስ አይደለም። ሐሳቧን ለመለወጥ ጊዜ ይሰጣታል።

የሚቻል ከሆነ ከምርመራው በፊት ገላዋን ባትታጠብ፣ ጥርሷን ባትፋቅ፣ ጥፍሯን ባታጸዳ ጥሩ ነው። ታጥባ ከሆነም ችግር የለም፣ ትሂድ፤ ሕክምናው ይሰጣታል፣ ማስረጃም ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። "ታጥበሽ አበላሸሽው" የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ።

ልብሱን ፌስታል ውስጥ አትክተቱት። ፌስታል ያፍናል፣ ያረጥባል፣ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት ትልልቅ ካኪ ፖስታ ግዢና እያንዳንዱን ልብስ ለየብቻ አስገቢ፤ የውስጥ ሱሪው ለብቻ፣ ሸሚዙ ለብቻ። እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ላዩ ላይ ቀንና ሰዓት ጻፊ፣ ስም አትጻፊ። ዶርም ሎከር ውስጥ ስድስት ሰው ቁልፍ ይዋዋሳልና ሌላ ቦታ ፈልጊ። ጥቃት ያደረሰባት ሰው የሆነ ነገር አጠጥቷት ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ቶሎ ለሐኪም ንገሩ፤ መጀመሪያ የምትሸናው ሽንት በንጹሕ ዕቃ ቢያዝ ይጠቅማል።

ስልክ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጥቃቱን ያደረሰው ልጅ ቴሌግራም ላይ "ይቅርታ፣ ትናንት ስሜታዊ ሆኜ ነው" ብሎ ከጻፈ ያ መልእክት ትልቅ ማስረጃ ነው። ነገር ግን ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፣ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን። ስለዚህ ብሎክ ከማድረጓ በፊት፣ ከመመለሷም በፊት ስክሪንሾት። ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። ፕሮፋይሉ ተከፍቶ ዩዘርኔሙና ስልክ ቁጥሩ ለብቻው ይነሳ፤ ስም በአንድ ደቂቃ ይቀየራል። ሲክሬት ቻት ከሆነና ስክሪንሾት ከከለከለ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሺው። የድምፅ መልእክትም እንደዚሁ፣ በሌላ ስልክ ይቀዳ። ከዚያ ወደምታምኑት አንድ ቦታ ይላክና ከጋለሪ ይጥፋ። የዶርም ልጆች ስልክ እየተዋዋሱ ፎቶ የሚያዩበት ግቢ ውስጥ ነው ያላችሁት።

ፎቶ ወይም ቪዲዮ አለኝ፣ እለቀዋለሁ እያለ የሚያስፈራራ ካለ፣ ዛቻው ራሱ ወንጀል ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 በኮምፒውተር ሥርዓት ማስፈራራትን ይቀጣል። ገንዘብ አትክፈሉት፣ "እንገናኝና እናውራ" ሲልም አትሂዱ። ቢከፈለውም ቪዲዮው ከእጁ አይወጣም።

አንቺም የሰማሽውን ጻፊ። በዚያው ቀን፣ በራሷ ቃል፣ ቀንና ሰዓት አድርገሽ። "መሰለኝ" የምትይውን ተዪው። ፍርድ ቤት ብትጠሪ "ያን ሌሊት 5 ሰዓት ላይ እንዲህ አለችኝ፣ ክንዷ ላይ ይህን አየሁ" ማለት የምትችይው ከጻፍሽው ነው።

ሥርዓተ ፆታ ቢሮ፦ ስም ሳትጠሪ ግቢ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ የሚይዝ ክፍል አላቸው፤ ስሙ ከግቢ ግቢ ይለያያል። ጥሩ ሰው የተቀመጠበት ቢሮ ሕይወት ያተርፋል። ዶርም ያስቀይራል፣ ከዲን ጋር ይነጋገራል፣ ጠበቃ ያገናኛል። ነገር ግን ቢሮ ነው። አለቃ አለው፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ "የግቢውን ስም" የሚያስብም አለበት።

ስለዚህ መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን ሂጂ። ስም አትጥሪ። "አንዲት ተማሪ ጥቃት ደርሶባት ወደ እናንተ ብትመጣ ምን ታደርጋላችሁ?" በይ። ከዚያ አንድ በአንድ ጠይቂ። ስሟን ማን ማን ያያል? ጽሑፉ የት ይቀመጣል፣ ቁልፉስ ማን ጋ ነው? ሳትፈቅድ ለዲን ወይም ለፖሊስ ታሳውቃላችሁ? ለቤተሰብ ትደውላላችሁ? ልጁ ሲጠራ የከሰሰችው ማን እንደሆነች ያውቃል? ሐሳቧን ብትቀይር ማቋረጥ ትችላለች?

መልሱን ብቻ ሳይሆን የሰውየዋን ሁኔታም እዪ። በሩን ዘግታ አነጋገረችሽ ወይስ ጸሐፊዋ እየሰማች? "የየትኛው ዲፓርትመንት ልጅ ናት?" እያለች ታውጣጣለች? እንዲህ ካደረገች አመስግነሽ ውጪ። ስም ስላልጠራሽ ምንም አልባከነም። መልሱ ደህና ከሆነ ለጓደኛሽ እንዳለ ንገሪያትና እሷ ትወስን።

ከወሰነች አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን። አጭር ይሁን፤ ቀን፣ ቦታ፣ ምን እንደተፈጸመ፣ ምን እንደምትፈልግ። የምትፈልገውን በግልጽ መጻፍ ይረሳል። "ብሎኩ አጠገብ እንዳይመጣ"፣ "ከእሱ ጋር ያለኝ ላብ ግሩፕ ይቀየርልኝ"፣ "ምርመራው እስኪያልቅ ስሜ እንዳይገለጽ"። በሁለት ኮፒ አዘጋጁና አንዱ ላይ ማህተም፣ ቀንና የደብዳቤ ቁጥር ይመታበት። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እኛ አገር ጠፋ ቢባል የሚጠይቅ የለም።

"ለደህንነትሽ አንቺ ዶርም ቀይሪ" ብለው እሷን ሊያንቀሳቅሷት ይችላሉ። ከፈለገች ጥሩ። ካልፈለገች ግን "የሚቀየረው ለምን እኔ እሆናለሁ?" የማለት ሙሉ መብት አላት።

ቢሮውን ካላመናችሁት ከግቢ ውጪ በር አለ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ7711 ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ሴታዊት የተባለው የሴቶች መብት ንቅናቄ የጀመረው አለኝታ የተባለ የስልክ መስመር በ6388 ይገኛል። ሁለቱም ጋ ስም ሳትናገሩ መጀመር ትችላላችሁ። ማደሪያ ካስፈለጋት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ አለው።

ፖሊስ ጋ ለመሄድ ከወሰነች

አስገድዶ መድፈር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መሠረት ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በቡድን ከሆነ፣ ወይም በእሱ ቁጥጥር ሥር ባለች ሴት ላይ ከሆነ፣ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ካስከተለ ዕድሜ ልክ አለ።

ጣቢያ ስትደርሱ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዘውን ክፍል ጠይቁ፤ ሴት መርማሪ እንድትቀበላት ጠይቁ። በአደባባይ ዴስክ ላይ፣ ሌላ ሰው የስልክ ስርቆት እያስመዘገበ ጎኗ ቆሞ፣ ቃሏን አትስጥ። ቃሏ ሲጻፍ መጨረሻ ላይ ይነበብላት። ያላለችው ነገር ካለ ሳይታረም አትፈርም። "ተስማምታ ሄዳ" የምትል አንዲት ሐረግ ችሎት ላይ ብዙ ታስከፍላለች። የመዝገብ ቁጥሩንና የመርማሪዋን ስልክ ይዛችሁ ውጡ።

ችሎት ሲደርስ ጉዳዩ በዝግ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ይህን ይፈቅዳል። ይህን ቀድማ ብታውቅ ግማሹ ፍርሃቷ ይቀልላታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የብሎክ ወንዶች "እኛ እንጨርሰዋለን" እያሉ ከመጡ አስቁሚያቸው። ልጁ ከተደበደበ ተከሳሹ ከሳሽ ይሆናል። በኛ ግቢዎች ደግሞ የሁለት ልጆች ጠብ በአንድ ሌሊት የብሔር ጠብ ይሆናል፣ የእሷም ስም በየዶርሙ ይዞራል።

መምህር ከሆነ

"ቢሮዬ ነይ፣ ውጤትሽን እናስተካክላለን" የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ሕጉም ያውቀዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 በመምህርነቱ ወይም በሥልጣኑ ተጠቅሞ የሴትን ችግር መጠቀሚያ ያደረገን ይቀጣል። ይህ ግን እሷ አቤቱታ ስታቀርብ ብቻ የሚታይ ነው፤ ስለዚህ የሕግ ባለሙያ ቶሎ ይጠየቅ።

እስከዚያው ብቻዋን ቢሮው አትግባ። ከጠራት አንቺ በር ላይ ቁሚ፣ በሩም ክፍት ይሁን። በቃል ያላትን በጽሑፍ ታስመልሰው፤ "መምህር፣ ዛሬ ስለ ውጤቴ ማታ ይምጪ ያሉኝ ለምን እንደሆነ ቢገልጹልኝ" ብላ ትጻፍለት። ዝም ካለም ዝምታው ተመዘገበ። የተመለሱ ኩዊዞችና አሳይመንቶች ሁሉ ፎቶ ይነሱ። በመጨረሻ ኤፍ ቢሰጣት የውጤት አቤቱታ የምታቀርበው በነሱ ነው። ሌሎች ሴቶችም ደርሶባቸው ሊሆን ይችላል፤ ግን አንቺ እየዞርሽ አትጠይቂ። በማግስቱ ጆሮው ይደርሳል።

ቤተሰብ

ለቤተሰብ መንገር የእሷ ውሳኔ ነው። አንዳንዷ እናቷን በዚያው ሌሊት ትፈልጋለች፤ አንዳንዷ ቤተሰብ ከሰማ ትምህርቷ ያበቃል። የትኛዋ እንደሆነች አንቺ አታውቂም፣ አብረሻት ያደግሽ ብትሆኚም።

ሽማግሌ የሚላክበት ጊዜ ይመጣል። የልጁ ወገኖች "የሰው ልጅ ሕይወት አታበላሹ" ይላሉ፣ ካሳ ያነሳሉ፣ "ያገባታል" የሚልም አይጠፋም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የደፈረ ሰው ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረ። አሁን ባለው ሕግ ያ ቀዳዳ የለም። አስገድዶ መድፈር የመንግሥት ክስ ነው፣ ሽማግሌ የሚዘጋው ፋይል አይደለም። ይህን በጨዋ ቋንቋ መናገር የሚችል አንድ የታመነ ዘመድ ካላት፣ ከሽማግሌዎቹ በፊት እሱን ማዘጋጀቱ ይሻላል።

ትምህርቷ

ፈተና ካመለጣት ከሐኪም የሕመም ፈቃድ ያስፈልጋታል። ሐኪሙ "በሕመም ምክንያት" ብሎ የዕረፍት ቀኑን መጻፍ ይችላል፤ የሕመሙን ምክንያት እንዳይጽፍ ጠይቁት። ለመምህራን የሚሄደው ያ ወረቀት ብቻ ነው። ሜክአፕ (ያመለጣትን ፈተና በሌላ ቀን መውሰድ) ወይም ኢንኮምፕሊት (ውጤቱ ለጊዜው ሳይሞላ እንዲቆይ ማድረግ) መጀመሪያ ይሞከር። ዊዝድሮው (ትምህርቱን ለጊዜው ማቋረጥ) የመጨረሻው ይሁን፤ ከሞላች ደግሞ በሬጂስትራር ቀነ ገደብ ውስጥ፣ በሕጋዊ ፎርም ይሁን። ዝም ብላ ቤቷ ከሄደች ኤፍ ይከመርባትና መመለሻው ይከብዳል። ፎርሙ ላይ "ምክንያት" በሚለው መስመር "የጤና ችግር" በቂ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት

የወር አበባዋ ከዘገየ ቶሎ ምርመራ ታድርግ። ካረገዘችና እርግዝናው ከመደፈር የመጣ ከሆነ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 551 እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። የአንቀጽ 552 ቃል ግልጽ ነው፤ የእሷ ቃል ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው። የፖሊስ ወረቀት አምጪ፣ የደፈረሽን ሰው ስም ተናገሪ ቢሏት ግዴታ የለባትም። ትፈልግ አትፈልግ የእሷ ጉዳይ ነው፤ ያንቺ ድርሻ መረጃው በጊዜ እንዲደርሳት ማድረግ ነው።

እንቅልፍ ይጠፋል። ክፍል ውስጥ ትፈዛለች። አንዳንድ ቀን ምንም እንዳልሆነ ሰው ትስቃለች፣ በማግስቱ ከአልጋ አትነሳም። ሽንት ቤት አብረሽ ሂጂ፣ ካፌ ትሪዋን ያዢላት፣ ማታ ከላይብረሪ አብራችሁ ተመለሱ። ይህን ስታደርጊ ስለ ጉዳዩ ማውራት የለብሽም። በየቀኑ "እንዴት ነሽ፣ አሁንስ?" እያልሽ ፊቷን አትመርምሪ።

"መኖር አልፈልግም" ካለች፣ ኪኒን መሰብሰብ ከጀመረች፣ ዕቃዋን ለሰው ማደል ከጀመረች ብቻዋን አትተያት። በዚያ ሌሊት ሆስፒታል ትሂድ። አስቀድሜ "ሕይወትሽ አደጋ ላይ ነው ብዬ ከፈራሁ ሰው እጠራለሁ" በያት ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ጥቃት የደረሰበት ወንድ ተማሪ ከሆነስ? የሐኪም ቤቱ ሰዓት ያው ነው፣ ፔፑም ክትባቱም ያው ነው። የሕጉ አንቀጽ ግን ይለያል፣ ፖሊስ ጋ ከመሄዱ በፊት ጠበቃ ያማክር። ወንዶቹ ላይ ዝምታው ይብሳል፤ "ወንድ ልጅ አይደፈርም" የሚል ሰው በየዶርሙ ስላለ ክሊኒክ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

አንቺም ትደክሚያለሽ። ወደ ግቢው የምክር አገልግሎት ሄደሽ ስሟን ሳትጠሪ "አንድ ከባድ ነገር ተሸክሜያለሁ" ብለሽ መናገር ትችያለሽ። ለሌላ የዶርም ልጅ ግን አታካፍዪ፤ ሦስተኛ ሰው ከሰማ አራተኛም ይሰማል።

የፔፑ 28 ቀን ሲያልቅ አንድ ቀጠሮ ይቀራል። ከጥቃቱ ሦስት ወር ሲሞላ የኤችአይቪ ምርመራው ይደገማል። ያኔ ሴሚስተሩ ሊያልቅ፣ እሷ ቤቷ፣ አንቺ ቤትሽ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ቀኑን አሁኑኑ የሁለታችሁም ስልክ ላይ መዝግቡት፤ በጓደኛ ሠርግ ስም ቢሆን ይመረጣል።